«ከየት አመጣችሁት?»፡ የመምህሩና የላይብረሪያኑ የመቶ ዓመት ድርድር

የዛሬውን ጨዋታ ከራሳችን ገመና እንጀምር፡፡

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝን በሁለተኛው ወር ላይ ነው፡፡ ሁለት ሆነን አንድ ጽሑፍ ሠራንና ለአዘጋጁ አስረከብን፡፡ በጽሑፉ መሀል አንባቢን ያስደነግጥልናል ብለን የተማመንበት አንድ ቁጥር ነበር፡፡ አዘጋጁ ከዳር እስከ ዳር አነበበና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳርፎ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» አለን፡፡ «ከአንድ ድረ ገጽ» አልን፡፡ «እሱስ ከየት አመጣው?» ዝም አልን፡፡ ወደ ወንበራችን ተመልሰን ፍለጋ ጀመርን፡፡ ድረ ገጹ ከአንድ ጋዜጣ ወስዶታል፤ ጋዜጣው ከሌላ ድረ ገጽ፤ ያ ሌላው ድረ ገጽ ደግሞ (መሳቅም ማልቀስም አማረን) መልሶ ከመጀመሪያው! ቁጥሩ አባት አልነበረውም፡፡ ጽሑፋችን ወደቀ፡፡

መውደቁን እንኳን ቻልነው፡፡ ያንገበገበን ሌላ ነው፡፡ እኛ የጋዜጠኝነት ምሩቃን ነን፡፡ በተማርንበት ግቢ ውስጥ ባለ ብዙ ፎቅ ላይብረሪ ነበር፤ ከዶርማችን ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፡፡ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን «ከየት አመጣችሁት?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው ትዝ አላለንም፡፡

ላይብረሪውንማ እናውቀዋለን፡፡ ፍሬሽማን በገባን ሳምንት ሰልፍ አስይዘው አስጎብኝተውናል፡፡ «ይህ ሪፈረንስ ክፍል ነው፣ ይህ ሪዘርቭ ነው፣ ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ማውራት ክልክል ነው» ተብለን ወጣን፡፡ ከዚያ ወዲያ ላይብረሪ ማለት ለእኛ በጠዋት ደብተር አስቀምጦ ወንበር የሚያዝበት፣ ፈተና ሲደርስ ሃንድአውት የሚሸመደድበት ጸጥ ያለ አዳራሽ ነበር፡፡ የላይብረሪ ሠራተኞቹን የምናውቃቸው መታወቂያ ሲቀበሉንና ሲመልሱልን ነው፡፡ መምህራኖቻችን በበኩላቸው «ቢያንስ አሥር ሪፈረንስ ይኑረው» ይሉና ይወጣሉ፡፡ አሥሩን ሪፈረንስ ከየት እንደምናመጣ፣ የትኛውን አምነን የትኛውን እንደምንጥል ማስተማር የማን ሥራ ነው? መምህሩ «ላይብረሪ ያሳያቸዋል» ብሎ ያስባል፡፡ ላይብረሪያኑ «መምህራቸው ነግሯቸው ይሆናል» ይላል፡፡ በሁለቱ መሀል እኛ ወደቅን፡፡

በቅርቡ ሲኒየር ኤሴያችንን ከካርቶን ውስጥ አውጥተን አገላበጥነው፡፡ ከኋላ 31 ጽሑፎችን በዋቢነት ዘርዝረናል፡፡ ከእነዚያ ውስጥ በእጃችን ገልጠን ያነበብናቸውን ብንቆጥር ስድስት ሆኑ፡፡ የቀሩት ከሌላ ሰው ኤሴይ ጀርባ የተገለበጡ ናቸው፡፡ ውጤታችን ኤ ነበር፡፡

ነገሩ የእኛ ብቻ ነውር መስሎን ነበር፡፡ ታሪኩን ስንከታተል ግን ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሆኖ አገኘነው፡፡ ብዙ የተሞከረበትና ብዙ የተጻፈበት አገር አሜሪካ ስለሆነ በቅድሚያ ወደዚያው ይዘናችሁ እንሄዳለን፤ ስንመለስ ሰፈራችን እንገባለን፡፡ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው በነበሩ ጊዜ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ኮሌጆች ላይብረሪያን ማለት ብዙ ጊዜ ከመምህራኑ አንዱ ነበር፡፡ ያስተምራል፤ ላይብረሪው ለጥቂት ሰዓታት የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ቁልፉን ይዞ ይመጣል፡፡ ለምሳሌ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኦቲስ ሮቢንሰን የሒሳብ ፕሮፌሰርም ላይብረሪያንም ነበር፡፡ ለተማሪዎቹ መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚገለገሉበት ማሳየትን የሥራው አካል አድርጎት ነበር፡፡ በኦበርሊን ኮሌጅ ደግሞ አዛርያ ሩት የተባለው ላይብረሪያን ከ1899 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ነገር በኮርስ ደረጃ አስተማረ፡፡

በዚያ ዘመን «የማን ሥራ ነው?» የሚል ጥያቄ እምብዛም አይነሳም ነበር፡፡ የሚጠየቁት ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ነበሩና፡፡

ከዚያ ግቢዎቹ ሰፉ፡፡ መጻሕፍቱ በዙ፤ መምህሩ በጠባብ የጥናት መስክ ውስጥ ጠልቆ ገባ፤ ላይብረሪያኑም የራሱ ትምህርት ቤት ተከፈተለት (የመጀመሪያውን ሜልቪል ዲዊ በ1887 በኮሎምቢያ ኮሌጅ ከፍቶታል)፡፡ ሁለቱም ባለሙያ ሆኑ፡፡ ባለሙያ መሆናቸው ደግ ነው፤ ግን በመካከላቸው ግድግዳ ቆመ፡፡ ከግድግዳው ወዲህ ኮርስ፣ ፈተናና ውጤት፤ ከግድግዳው ወዲያ ካታሎግ፣ መደርደሪያና ዝምታ፡፡

ግድግዳውን ለማፍረስ ከሞከሩት ቀደምቶች አንዱ ላማር ጆንሰን ነው፡፡ በሚዙሪ ግዛት በሚገኘው የሴቶች ኮሌጅ፣ በስቲፈንስ፣ ከ1931 ጀምሮ ሁለት ወንበር ያዘ፤ የትምህርት ዲንም ላይብረሪያንም ሆነ፡፡ የሁለቱ ክፍሎች አለቃ አንድ ሰው ከሆነ ማን ከማን ጋር ይጣላል? ልምዱንም በ1939 በመጽሐፍ አወጣው፡፡ በ1934 ደግሞ ሉዊስ ሾርስ የሚባል ሌላ ላይብረሪያን ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደውና «ላይብረሪ ያለው ኮሌጅ ሳይሆን ኮሌጁ ራሱ ላይብረሪ ይሁን» የሚል ዓይነት ሐሳብ አቀረበ፡፡ ተማሪው በግሉ እያነበበ፣ መምህሩም ላይብረሪያኑም እየመሩት ይማር ማለቱ ነው፡፡ ሐሳቡ ብዙ አስወራ፤ ብዙ ኮሌጅ ግን አልቀየረም፡፡ በ1940 ሃርቪ ብራንስኮምብ በተባለ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰው የታተመ ጥናት፣ ተማሪዎች ከላይብረሪው የሚዋሱት መጽሐፍ ከሚታሰበው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ፡፡ ብራንስኮምብ ጣቱን የቀሰረው በተማሪው ስንፍና ላይ ብቻ አልነበረም፤ በማስተማሪያ ዘዴው ላይ ነው፡፡ በአንድ መማሪያ መጽሐፍና በመምህሩ ኖት ብቻ ኤ የሚገኝ ከሆነ፣ ጤነኛ ተማሪ ምን አደከመው?

(ሃንድአውት ትዝ አላላችሁም?)

ዲትሮይት፡ ጥሩ ሐሳብ፣ አጭር ዕድሜ

በ1959 በዲትሮይት ከተማ፣ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞንቲስ የሚባል ትንሽ የሙከራ ኮሌጅ ተከፈተ፡፡ ፎርድ ፋውንዴሽን በገንዘብ ረድቶታል፡፡ ትልቁ ዓላማ ተማሪው ቀስ በቀስ ያለ አስተማሪ ምርኩዝ በግሉ ማጥናት እንዲለምድ ነበር፡፡ በግሉ የሚያጠና ሰው ደግሞ መፈለግ ማወቅ አለበት፡፡ ለዚህ ሥራ ፓትሪሺያ ናፕ የተባለች ላይብረሪያን መጣች፡፡

ናፕ ከዚያ ቀደም በኖክስ ኮሌጅ የተማሪዎችን የመጽሐፍ ውሰት መዝገብ ከኮርሶች ጋር እያመሳከረች አጥንታ ነበር፡፡ ያገኘችው ነገር ቀላልና መራራ ነው፡፡ አብዛኛው ውሰት የሚመጣው ከጥቂት ኮርሶች ነው፤ ተማሪ ላይብረሪ የሚሄደው ኮርሱ ሲያስገድደው ነው፡፡ ላይብረሪውን የቱንም ያህል ብታሳምረው፣ ጉብኝቱን የቱንም ያህል ብትደጋግመው፣ ቁልፉ ያለው መምህሩ እጅ ነው፡፡

ስለዚህ በሞንቲስ ከ1960 እስከ 1962 በአሜሪካ የፌዴራል ትምህርት ቢሮ ድጋፍ ሙከራዋን ጀመረች፡፡ የላይብረሪ ትምህርት ለብቻው አይሰጥም፤ በየኮርሱ አሳይመንት ውስጥ ይገባል፤ አሳይመንቱንም መምህሩና ላይብረሪያኑ አብረው ያወጡታል፡፡ መምህራኑ ራሳቸው የላይብረሪውን ጥቅም እንዲያዩ ደግሞ ለጥናታቸው መረጃ የሚፈልጉላቸው ረዳቶች ተመደቡ፡፡ ብልህ ዘዴ ነው፤ መጀመሪያ አብላው፣ ከዚያ አሠራው!

የናፕ ትልቁ ሐሳብ ግን ላይብረሪን ያየችበት ዓይን ነው፡፡ ለእሷ ላይብረሪ የመንገዶች አውታር እንጂ መጋዘን አልነበረም፡፡ እስኪ በእኛ ምሳሌ እናስረዳችሁ፡፡ መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሱቁን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው አይደለም፡፡ ሸማ ተራን፣ ቆርቆሮ ተራን፣ ምን አለሽ ተራን ያውቃል፤ አንዱ ተራ ያጣውን ዕቃ ቀጥሎ የት እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ዋጋ የሚቆልለውንና እውነተኛውን ነጋዴ ይለያል፡፡ የላይብረሪም ዕውቀት እንዲሁ ነው፡፡ የታሪክ ሰዎች መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት መንገድ አላቸው፣ የባዮሎጂ ሰዎች ሌላ፣ የሕግ ሰዎች ሌላ፡፡ መንገዱን ያወቀ ተማሪ አዲስ ከተማ ቢገባም አይጠፋም፡፡

ሐሳቡ ይህን ያህል ካማረ ታዲያ ምን ሆነ? ተማሪዎቹ አሳይመንቶቹን ለማድከም የወጡ አድርገው ቆጠሯቸው፡፡ ብዙዎቹ መምህራን ደግሞ በልባቸው አላመኑበትም፤ መጽሐፍ መፈለግ ተራ ክህሎት ነው፣ ሰዓታችን ለቁም ነገር ይዋል የሚሉ ነበሩ፡፡ የሙከራው ጊዜ አለቀ፣ ገንዘቡም አለቀ፡፡ ናፕ በ1966 ባሳተመችው መጽሐፍ የሠመረውንም ያልሠመረውንም ሳትሸፍን ጻፈች፡፡ ኮሌጁ ራሱም በኋላ ተዘጋ፡፡ መጽሐፏ ግን ከኮሌጁ በላይ ዕድሜ አገኘ፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ከዚያ ጀመሩ፡፡

ሪችመንድ፡ አንድ አሳይመንት፣ አንድ ሰዓት

አሁን ከዲትሮይት ወደ ኢንዲያና ግዛት፣ ሪችመንድ ወደምትባል ትንሽ ከተማ እንውረድ፡፡ እዚያ ኤርልሃም የሚባል ኮሌጅ አለ፡፡ በ1847 የተመሠረተ፣ የኩዌከር ክርስቲያኖች ትንሽ ኮሌጅ ነው፡፡ በ1962 ኢቫን ፋርበር የሚባል ላይብረሪያን ተቀጥሮ መጣ፤ እስከ 1994 ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም፡፡ ሠላሳ ሁለት ዓመት! የዚህ ሰው ታሪክ ነው ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን፡፡

ፋርበር ታላቅ ፕሮጀክት ይዞ አልመጣም፡፡ የእሱ አካሄድ እንዲህ ነበር፡፡ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ አንድ የጥናት ጽሑፍ ያዝዛል እንበል፡፡ ላይብረሪያኑ ወደዚያ መምህር ሄዶ «ተማሪዎችህ ከዚህ ጽሑፍ ምን ይዘው እንዲወጡ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፡፡ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ላይብረሪ አይደለም፤ ስለ መምህሩ ዓላማ ነው፡፡ ከዚያ ላይብረሪያኑ ለዚያ አሳይመንት ብቻ የሚሆን፣ የትኛው መጽሐፍና የትኛው ኢንዴክስ ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ወረቀት ያዘጋጃል፡፡ ቀጥሎ በመምህሩ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ እዚያው ተቀምጦ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አንድን ጥያቄ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚፈለግ በተግባር ያሳያል፡፡ ከኢንሳይክሎፔዲያ ተነሥቶ፣ የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አልፎ፣ ባዮሎጂ ከሆነ «ባዮሎጂካል አብስትራክትስ» ወደሚባለው የጥናቶች ማውጫ ይደርሳል፡፡ ተማሪው የሚሰማው ጽሑፉን ሊጀምር በተዘጋጀበት ሳምንት ስለሆነ ጆሮው ክፍት ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ላይብረሪ ሄዶ ቢጠፋበት፣ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ያንኑ ያስተማረውን ሰው ነው፡፡ የሰውየውን ስም ያውቃል፤ ለመጠየቅ አያፍርም፡፡

ኤርልሃሞች አሠራራቸውን በሦስት ነገሮች ይገልጹት ነበር፡፡ አንደኛ፣ ትምህርቱ ከኮርሱ ጋር ይዋሃድ፡፡ ሁለተኛ፣ ከመናገር ይልቅ በማሳየት ይሁን፡፡ ሦስተኛ፣ ደረጃ በደረጃ ይደግ፤ ፍሬሽማን የሰማውን አራተኛ ዓመት ላይ መልሶ አይስማ፣ በየዓመቱ አንድ እርከን ይውጣ፡፡

ስለ ማስተማሪያው መንገድም ዝም ብለው አልተከራከሩም፤ ፈተሹት፡፡ የሳይንስ ላይብረሪያኑ ቶማስ ኪርክ የባዮሎጂ ጀማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በገለጻ፣ ግማሾቹን ደግሞ በራሳቸው እየሠሩ በሚሄዱበት መልመጃ አስተማረ፡፡ በ1971 ባሳተመው ጥናት በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፡፡ ለእኛ የጥናቱ መልእክት ግልጽ ነው፡፡ በገለጻም አስተምረው በመልመጃ፣ ወሳኙ ነገር ከሥሩ ተማሪው ሊሠራው የግድ የሆነ እውነተኛ አሳይመንት መኖሩ ነው፡፡ (ይኸው ኪርክ በ1994 የፋርበርን ወንበር ወረሰ፡፡)

ፋርበር በ1974 የጻፈው አንድ ጽሑፍ ደግሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፡፡ ትናንሽ ኮሌጆች በአንድ በሽታ ተይዘዋል አለ፤ የትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ላይብረሪ መምሰል ያምራቸዋል፡፡ ስንት መጽሐፍ አለን፣ ስንት ፎቅ ሠራን እያሉ ይለካሉ፡፡ የኮሌጅ ላይብረሪ መለኪያ ግን ተማሪው በውስጡ ምን ተማረ ነው፡፡ እንዲሁም መምህራንን «ተርም ፔፐር ብቻ አትዘዙ» ይላቸው ነበር፡፡ ተማሪው አንድን ርዕስ መርጦ ምርጥ ምርጥ ምንጮችን ይሰብስብ፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሚታመን ወይም እንደማይታመን በሁለት መስመር ይጻፍ፡፡ ለእርማትም ይቀላል፣ ለመገልበጥም ይከብዳል!

ዲትሮይት የወደቀችበት ፈተና ላይ ሪችመንድ ለምን አለፈች? በሐሳብ ከሆነ ናፕ ከፋርበር ብትበልጥ እንጂ አታንስም፡፡ የሚለያቸው አጀማመሩና ዕድሜው ይመስለናል፡፡ ናፕ ኮሌጁን በሙሉ በሁለት ዓመት በጀት ለመለወጥ ተገደደች፡፡ ፋርበር በፈቃደኛ መምህር ጀመረ፤ የዚያ መምህር ተማሪዎች የሚጽፉት ሲሻሻል ጎረቤቱ መምህር አየና «ለእኔም» አለ፡፡ በዚያ ላይ ኤርልሃም ትንሽ ናት፤ መምህርና ላይብረሪያን ካፌም ስብሰባም ላይ ይገናኛሉ፡፡ ኩዌከሮች ነገርን በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ተነጋግረው በመስማማት መወሰን ልማዳቸው ነው፤ ይህም ሳይረዳ አልቀረም፡፡ ፋርበር በ2009 እስኪያርፍ ድረስ የሙያው ሰዎች ስለ መምህርና ላይብረሪያን ትብብር ሲያወሩ ስሙን ሳያነሱ አያልፉም ነበር፡፡

ይህ ማለት ግን ሌላው ግቢ ሁሉ ኤርልሃምን መሰለ ማለት አይደለም፡፡ በ1995 ላሪ ሃርደስቲ የተባለ ሌላ የላይብረሪ ሰው ነገሩ ለምን እንደማይስፋፋ ሲያጠና የደረሰበት የመምህራኑ ባህል ላይ ነው፡፡ መምህር ክፍሉ ውስጥ ነጻ መሆን ይፈልጋል፤ የኮርሱን ይዘት ለመጨረስ ሁልጊዜ ሰዓት ያጥረዋል፤ እሱ ራሱ መፈለግን ማንም ሳያስተምረው በመከራ ስለለመደው ተማሪውም እንዲሁ ይለምደዋል ብሎ ያስባል፡፡ ይህ አሜሪካዊ መምህር ብቻ ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ!

ስም ሲወጣለት

ነገሩ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1974 ነው፡፡ ስሙን ያወጣው ደግሞ መምህርም ላይብረሪያንም አልነበረም፡፡ ፖል ዙርኮውስኪ የሚባል፣ መረጃ አዘጋጅተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው፡፡ ለአገሪቱ የላይብረሪ ኮሚሽን ባቀረበው ጽሑፍ «ኢንፎርሜሽን ሊትሬሲ» አለውና በአሥር ዓመት ውስጥ ለሁሉም አሜሪካዊ ይዳረስ አለ፡፡ እኛ «የመረጃ ፊደል መቁጠር» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለናል፡፡ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ መረጃ አንባቢ አይደለምና፡፡

በ1989 የአሜሪካ የላይብረሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ሪፖርት አወጣ፡፡ መረጃ አንባቢ ማለት መረጃ ሲያስፈልገው የሚያውቅ፣ የሚያገኘው፣ የሚመዝነውና የሚጠቀምበት ሰው ነው ሲል በየነው፡፡ በ2000 የኮሌጅ ላይብረሪዎች ክፍል ዝርዝር መለኪያ አወጣ፡፡ ያ መለኪያ በሳጥን ላይ ምልክት እንደማድረግ ሆነ ተብሎ ስለተተቸ በ2016 ተሻረና በሌላ ማዕቀፍ ተተካ፡፡ አዲሱ ማዕቀፍ ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ለናፕ ቅርብ ነው፤ የአንድ ምንጭ ሥልጣን እንደየመስኩና እንደየሁኔታው ይለያያል፣ ተማሪም ይህን መጠየቅ ይልመድ ይላል፡፡

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

የእኛም አገር አጀማመር የሚያስቀና ነበር፡፡ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት በላይብረሪያንነት የመጣው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ነው፡፡ ይህ ሰው መጻሕፍት ደርድሮ አልተቀመጠም፡፡ የአገሩን ቅርስ ሰብስቦ ሙዚየም አቋቋመ፤ የኢትዮጵያን ሥዕል አጥንቶ በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ የመስኩ ሰዎች ዛሬም የሚያነሱት ነው፡፡ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ላይብረሪውና ሙዚየሙ የተቋሙ አካል ሆኑ፡፡ በእኛም ግቢ ላይብረሪያኑና ተመራማሪው በአንድ ወቅት አንድ ሰው ነበሩ ማለት ነው! ከዚያም ስድስት ኪሎ ላይ በኬኔዲ ስም የሚጠራው ላይብረሪ ተሠራ፤ በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲውን ላይብረሪዎች ትመራ የነበረችው ሪታ ፓንክረስት ነበረች፡፡ በ1990 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የሚሆን የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ፡፡

ስለዚህ ሙያው አገር ውስጥ የለም ማለት አንችልም፡፡ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ በየግቢው የላይብረሪ ሕንጻ አለ፡፡ ፋርበር «በሽታ» ያለው ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለናል፡፡ ሪባን ሲቆረጥ የሚነገረን ስንት ወንበር፣ ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት መጽሐፍ ነው፡፡ ከዚያ ወንበር ላይ የተነሣ ተማሪ የአንድን ቁጥር አባት ፈልጎ ማግኘት ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ በምረቃ ንግግር ሰምተን አናውቅም፡፡

መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ የሚሉንን እናውቃለን፡፡ «ልጆች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ አለኝ፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ደመወዙን ታውቁታላችሁ፡፡» እውነታቸውን ነው፡፡ ላይብረሪያኑም «እኛን ማን ባለሙያ ብሎ ቆጠረን? በመምህራን ስብሰባ ላይ ወንበር የለንም» ቢል አንፈርድበትም፡፡ በተማርንበት ግቢ በማስተርስ የተመረቀ ባለሙያ መታወቂያ ሲቀበል ይውል ነበር፡፡ የሪችመንድ ታሪክ ደስ የሚለው ለዚህ ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነውና፡፡ አንድ ፈቃደኛ መምህር፣ አንድ ላይብረሪያን፣ አንድ አሳይመንት፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፡፡ የሰማንያ ተማሪ ተርም ፔፐር ማረም ከባድ ነው፤ ባለ አንድ ገጽ የአምስት ምንጮች ዝርዝር፣ «ይህን የማምነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ሁለት ሁለት መስመር ያለው፣ ማረም ግን ይቻላል፡፡

ደግሞ ጊዜው አይጠብቀንም፡፡ በእኛ ጊዜ የተማሪ መከራ መረጃ ማጣት ነበር፡፡ ዛሬ መከራው ብዛቱ ነው፡፡ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 የጋዜጣ መረጃ አጣሪዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን ድረ ገጽ እንዲመዝኑ አድርገው ነበር፡፡ በፍጥነትም በትክክለኛነትም የበለጡት አጣሪዎቹ ናቸው፡፡ ተማሪዎቹ፣ ፕሮፌሰሮቹም ጭምር፣ በገጹ ውበትና በስሙ ግርማ ሲታለሉ፣ አጣሪዎቹ ቶሎ ከገጹ ወጥተው ሌሎች ስለዚያ ገጽ ምን እንደሚሉ ያዩ ነበር፡፡ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ እነ ቻትጂፒቲ መጡ፡፡ እነዚህ ማሽኖች አንዳንዴ በዓለም ላይ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ደራሲና ዓመት ያለው አድርገው በሪፈረንስነት ይሰጡሃል፡፡ እኛ ከጓደኛ ኤሴይ ጀርባ ገለበጥን፤ ቢያንስ የገለበጥነው መጽሐፍ ይኖር ነበር!

በነገራችን ላይ ያ ቁጥራችን ወድቆ አልቀረም፡፡ አዘጋጁ ካጠፋው ከሳምንት በኋላ አንድ ላይብረሪ ሄድንና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ጀርባ ላሉት ሴትዮ መታወቂያ ከመስጠት ሌላ ነገር ተናገርን፡፡ «እትዬ፣ የዚህን ነገር ትክክለኛ ቁጥር የት እናገኛለን?» አልናቸው፡፡ ቀና ብለው አዩንና መነጽራቸውን አወለቁ፡፡ «እናንተ ልጆች፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አሉ፡፡ ከወንበራቸው ተነሥተው ይዘውን ሄዱ፤ ወደ አንድ መደርደሪያ፣ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደ አንድ አቧራ የጠጣ የስታቲስቲክስ ጥራዝ፡፡ አርባ ደቂቃ ፈጀብን፡፡ ትክክለኛው ቁጥር እኛ ከጻፍነው ከግማሽ በታች ነበር፡፡ ጽሑፉን እንደ አዲስ ሠራነው፤ ወጣ፡፡

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ አባቶች፡፡ ግን ማን ዘንድ ሄዶ፣ ምን ብሎ እንደሚጠየቅም መማር አለበት፡፡ ይህን መምህሩ ብቻውን፣ ላይብረሪያኑም ብቻውን አያስተምሩትም፡፡ ገና ግቢ ውስጥ ላላችሁ ግን እስኪስማሙ አትጠብቁ እንላለን፡፡ ነገ ላይብረሪ ስትገቡ ደብተራችሁን ወንበር ላይ ጣሉና ወደዚያ ጠረጴዛ ሂዱ፡፡ ለመምህራችሁም አሳይመንት ሲያዝዙ «ላይብረሪያኑ አንድ ቀን ክፍላችን ቢመጡልን?» በሏቸው፡፡ ፋርበርም የጀመረው ከዚህ ብዙ ባልራቀ ጥያቄ ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡